ሬዲዮው ስልክ አይደለም

ሰሞኑን በቤተሰባችን ውስጥ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የተቀያየሙት ታላቅ ወንድሜና የልጅ ልጁ ናቸው። ወንድሜ 76 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ይኖራል። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከእናትና ከአባቱ ጋር ነው። ያቀያየማቸው ደግሞ ርስት ወይም ገንዘብ ሳይሆን ሬዲዮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የአማተር ሬዲዮ ፈተና ወስዶ አለፈና በራሱ ስም ፈቃድ ተሰጠው። አያት በደስታ ለዕድርተኛው ሁሉ አወራ። ከመካከላቸው አንዱ «ያ ሬዲዮ እኮ አሁን በኢንተርኔት ይሠራል፤ ስልክህ ላይ ጭነህ እዚሁ ሆነህ ልታነጋግረው ትችላለህ» አለው። ወንድሜ ወዲያው ሜሪላንድ ደወለ። «መግቢያህንና የሚስጥር ቁጥርህን ላክልኝ፤ እኔም በሬዲዮ ልግባ» አለ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባባ፣ ይቅርታ፤ እሱ አይቻልም። በእኔ ስም ሌላ ሰው መናገር አይችልም» አለው።

ወንድሜ ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳም። «ስሙን ያወጣሁለት እኔ፤ ስሙን ከለከለኝ!» እያለ ለመጣው ለሄደው ይናገራል። ሴት ልጁ ጨነቃትና ለእኔ ደወለች። «አጎቴ፣ ሬዲዮ የምታውቀው አንተ ነህ፤ እባክህ አባዬን አስረዳልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሥራ ዘመኔ የሬዲዮ መገናኛ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሁለቱንም ሰማሁ፤ ለልጁም ፈረድኩ። ለወንድሜ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ውጭ አገር ልጅና የልጅ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ነገ ወደ እናንተም ሊመጣ ይችላል።

አማተር ሬዲዮ ሰዎች ለክፍያ ሳይሆን ለዕውቀት፣ ለወዳጅነትና ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት ሲሉ ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩበት መገናኛ ነው። ዎኪቶኪ የምንለው ዓይነት የእጅ ሬዲዮ ብቻውን ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሪፒተር የሚባል ጣቢያ ይተከላል፤ የደከመውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ እንደገና ያሰራጨዋል። ኢንተርኔቱ የገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ካሜሮን የተባለ ካናዳዊ አይ.አር.ኤል.ፒ. የሚባለውን መንገድ ጀመረ፤ በሁለት ሩቅ ከተሞች ያሉ ሪፒተሮችን በኢንተርኔት አገናኘ። በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው ጆናታን ቴይለር ኤኮሊንክን አወጣ። በኤኮሊንክ ባለፈቃዱ ሬዲዮ ባይዝ እንኳ ከኮምፒውተሩ፣ ዛሬ ደግሞ ከእጅ ስልኩ ተነሥቶ በሌላ አገር ያለ ሪፒተር ላይ መናገር ይችላል።

የወንድሜ ዕድርተኛ ያየው ይኼንን ነው። ስልክ ላይ ተጭኖ ሲያይ እንደ ቴሌግራም፣ እንደ ዋትስአፕ ቆጠረው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በቴሌግራም የምትናገሩት ወደ አንድ ጆሮ ይሄዳል። በኤኮሊንክ የምትናገሩት ሩቅ አገር ካለ ማሰራጫ ይወጣና በአየር ላይ ይበተናል፤ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ፣ ፈቃድ ኖረውም አልኖረውም፣ ይሰማዋል። ለዚህ ነው ኤኮሊንክ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ፈቃዱን አሳይ የሚለው። ማረጋገጫ ካላገኘ አያስገባም። ልጁ የከለከለው ስም ወንድሜ ያወጣለት ስም አይደለም። መንግሥት የሰጠው የጥሪ ምልክት ነው፤ በፊደልና በቁጥር የተሠራ፣ በዓለም ላይ የእሱ ብቻ የሆነ። የአሜሪካኖቹ በኬ፣ በኤን፣ በደብልዩ ወይም በኤ ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ በተለምዶ በኢ.ቲ.። የመኪና ሰሌዳ ነው በሉት። የልጅ ልጄ ነው ተብሎ ሰሌዳው ተፈትቶ ሌላ መኪና ላይ አይታሰርም። ጥፋት ቢደርስ የሚጠየቀው ባለሰሌዳው ነው፤ ፈቃዱም የሚሄደው ከእሱ ነው።

እሺ፣ ፈቃድ ያለው ልጅ እንዴት ይናገር? ወላጆች የሬዲዮውን ውስጥ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ ሥርዓቱን ብታውቁ ግን ልጃችሁ ጥሩ ኦፕሬተር እየሆነ መሆኑን ከጓዳ ሆናችሁ ትለያላችሁ።

መጀመሪያ ጆሮ ነው። ልጁ ከአንድ ጣቢያ ጋር እንደተገናኘ ወዲያው «ሄሎ» ካለ ገና አልገባውም። እዚያ ማዶ ሰዎች እያወሩ ይሆናል፤ የኢንተርኔቱ መስመር ሲከፈት እሱ ገና አልሰማቸውም። ግማሽ ደቂቃም ቢሆን ዝም ብሎ ያዳምጥ። ሰው ከሌለ የጥሪ ምልክቱን ይናገርና ከየት ሆኖ እንደሚጠራ ይግለጽ።

ሁለተኛው ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ነው። ቁልፉ ሲጫን ድምፁ ወዲያው አይሄድም፤ ማዶ ያለው ማሰራጫ እስኪነሣ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ተጭኖ አንድ ሁለት ሰከንድ ሳይጠብቅ የተናገረ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጣል። ፈረንጆቹ ይህን ሲያስተምሩ ቃል ይጠፋል ይላሉ፤ በአማርኛ ግን ከዚያ የባሰ ነው። የእኛ ቋንቋ «አይሆንም» የሚለውን ከፊት ነው የሚያስቀምጠው። «አይምጣ» ብላችሁ የመጀመሪያዋ ፊደል ብትቆረጥ ማዶ የሚሰማው «ይምጣ» ነው። «አታምጣ» ያላችሁት «ታምጣ» ሆኖ ይደርሳል። በአንዲት ሰከንድ ችኮላ ክልከላው ፈቃድ ሆነ ማለት ነው! በሥራዬ ዘመን ለአዳዲስ ልጆች ይህንን ሳሳያቸው ይስቁ ነበር፤ ከሳቁ በኋላ ግን ቁልፉን ሳይጠብቅ የሚናገር አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ክፍተት መተው ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይቀጥል። በተራ የእጅ ሬዲዮ ይህ ጨዋነት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በኢንተርኔት በተያያዘ ሬዲዮ ግን ያለ እሱ ሥራው አይሄድም። ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ በየከተማው ያሉት ሪፒተሮችም አንዱን ንግግር ጨርሰው ለቀጣዩ መዘጋጀት አለባቸው። ክፍተት ከሌለ ሦስተኛ ሰው መግባት አይችልም። ያ ሦስተኛ ሰው መንገድ ላይ አደጋ አይቶ እርዳታ የሚጠራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለእኛ ለሐበሾች ከባድ ነው። የእኛ ማዳመጥ ዝምታ አይደለም። ሰው ሲያወራልን «እህ… እሺ… ወይ ጉድ… በሞቴ?» እያልን ነው የምንሰማው፤ ዝም ካልን ባለወሬው «ሰማኸኝ?» ይላል። በሬዲዮ ግን አንዱ ቁልፉን ሲጫን ሌላው አይሰማም፤ «እህ» የምትለው ሁሉ የእሱን ንግግር ትቆርጣለች። ሰላምታችንስ? «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹ? ጤናህስ?» እኩል እየተናገርን፣ እኩል «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን ነው የምንጨርሰው። ሪፒተሮች ደግሞ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ብዙ ከተናገረ ራሳቸውን የሚዘጉበት ሰዓት ቆጣሪ አላቸው፤ በተለምዶ 3 ደቂቃ ነው። ወንድሜን ስለማውቀው እላለሁ፤ 3 ደቂቃው የሚያልቀው ገና የላሞቹን ደህንነት ሲጠይቅ ነው። ልጆች ይህን ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይለምዱታል። አንድ ነገር ጠይቅ፣ ቁልፉን ልቀቅ፣ መልሱን ስማ።

ብዙ ሰው በአንድ መስመር ሲሰበሰብ ኔት ይባላል፤ ሰብሳቢም አለው። የእኛን የዕድር ስብሰባ ታውቁት የለ? ዳኛው ስም ይጠራል፣ የተጠራ ይናገራል፣ ሳይጠራ የሚነሣ ይገሠጻል። ያው ነው። ልጁ ስሙን አስመዝግቦ ተራውን ይጠብቅ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ። ኤኮሊንክ በኮምፒውተር ሲሠራ ስፔስ ባር የሚባለው ረጅሙ ቁልፍ አንዴ ሲነካ ማይኩን ይከፍታል፤ ሁለተኛ ሲነካ ይዘጋዋል። ሁለተኛውን የረሳ ልጅ ቤቱን በሙሉ በአየር ላይ ያወጣዋል። ቡና ሲወቀጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ አባትና እናት ስለ ቤት ኪራይ ሲከራከሩ ሁሉ ይሰማል። «አማርኛ ማን ይሰማል» አትበሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ አማርኛ ሰሚ መቼ ጠፋ! ልጁ ሬዲዮ ላይ ሲሆን በሩ ቢዘጋ፣ ወይም ትንሽ ወረቀት በሩ ላይ ቢለጠፍ ይበጃል። ዘፈንና መዝሙርም ከኋላ አይከፈት፤ በአማተር ሬዲዮ ሙዚቃ ማሰራጨት ክልክል ነው።

የድምፁ መጠንም አለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው ሰው የራሱ ድምፅ ማዶ እንዴት እንደሚደርስ አያውቅም። ኤኮሊንክ ለዚህ የሙከራ ጣቢያ አለው፤ ኤኮቴስት ይባላል፣ ቁጥሩ 9999 ነው። የተናገራችሁትን መልሶ ያሰማችኋል። ልጁ ሰው ጋ ከመሄዱ በፊት እዚያ ራሱን ይስማ። ማይኩን አፉ ላይ አይለጥፍ፤ አይጩህም። (የድሮ የክፍለ ሀገር ስልክ ያስለመደን ጩኸት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ልጆቹ ግን ከየት አመጡት?)

ወላጅ ሊያውቃት የምትገባ ሌላ ትንሽ ምልክት አለች። በኤኮሊንክ ዝርዝር ላይ የጥሪ ምልክቱ መጨረሻ ላይ ሰረዝና አር ፊደል ካለ ሪፒተር ነው፤ ኤል ካለ ደግሞ ከሬዲዮ ጋር የተያያዘ ሌላ ጣቢያ ነው። በሁለቱም ድምፁ አየር ላይ ይወጣል። ምንም ከሌለው ማዶ ያለው በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው። በኮከብ ምልክት የታጠረ ስም ብዙዎች የሚሰበሰቡበት የጋራ ክፍል ነው። ልጃችሁ ከማን ጋር እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሲጨርስም መስመሩን አቋርጦ ይውጣ። ተያይዞ የተተወ መስመር የማያውቁትን ሰዎች ሪፒተር በሌላ አገር ወሬ ሲያስጮህ ያድራል።

ቋንቋን በተመለከተ ብዙ ወላጆች ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ሕግ በአማርኛ ማውራትን አይከለክልም። የሚከለክለው መልእክትን ለመሰወር በተሠራ ሚስጥራዊ ኮድ መናገርን ነው፤ አማርኛ ደግሞ ኮድ አይደለም። የጥሪ ምልክቱ ግን በእንግሊዝኛ መነገር አለበት፤ ቢያንስ በየ10 ደቂቃው አንድ ጊዜና ንግግሩ ሲያበቃ። ስለ ሸቀጥ ዋጋ፣ ስለ ሐዋላ፣ ስለ ደላላ ግን እዚያ አይወራም። ንግድ ክልክል ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ፤ ያስታረቅኳቸው በዚህ ነው። በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ባለፈቃዱ አጠገቡ ሆኖ እየተቆጣጠረ በሬዲዮው መናገር ይችላል። ማዶ ያለው ጣቢያም እዚያው አሜሪካ ከሆነ ጣጣ የለውም። ማዶ ያለው ጣቢያ ሌላ አገር ከሆነ ግን ሁለቱ መንግሥታት ይህን የሚፈቅድ ስምምነት ሊኖራቸው ይገባል፤ ዝርዝሩን የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያወጣል፤ ከመናገር በፊት ማየት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ለፋሲካ ሜሪላንድ ሲሄድ ከልጅ ልጁ ጎን ይቀመጣል። ልጁ የጥሪ ምልክቱን ይናገራል፤ አያት ተራው ሲደርስ ለአካባቢው ሰዎች ሰላምታ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ በስልክ ያውሩ፤ ስልክ ለዚያ ነው የተሠራው። ወንድሜ ትንሽ አጉረመረመ፤ ግን «ታዲያ ይህንን መጀመሪያ አይነግረኝም ነበር?» አለ። ልጁ ምን ያድርግ፣ አማርኛው አልበቃውም። እኔ ግን አንድ ነገር ለወንድሜ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ በ13 ዓመቱ አያቱን እያከበረ፣ «ይቅርታ» ብሎ፣ ሕግን ያስቀደመ ልጅ ነገ ሰው የሚስጥር ቁጥሩን በብልጠት ሲጠይቀው አይሰጥም።

ሬዲዮ ገዝታችሁ በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ ለአያት እንዳትልኩ አደራ። ማሰራጫ መሣሪያ እዚህም ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ የሚቀረው ዕቃው ሲሆን የሚንገላታው ደግሞ ያመጣው እንግዳ ነው። በባሕረ ሰላጤ አገሮች፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ያላችሁም የምትኖሩበትን አገር ደንብ ጠይቁ፤ የሜሪላንድ ሕግ እናንተ ጋ አይሠራም።

አሁን የማነሣው ለእናቶችና ለአባቶች ከሁሉ የሚያሳስበውን ነው። አሜሪካ ውስጥ የባለፈቃዱ ስምና የፖስታ አድራሻ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይወጣል። የጥሪ ምልክቱን የሰማ ማንኛውም ሰው ኢንተርኔት ላይ ጽፎ አድራሻውን ያገኛል። ለአዋቂ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለ13 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማመልከቻው ላይ የቤት አድራሻ ሳይሆን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይሰጥ። ይህ መደረግ ያለበት ከማመልከት በፊት ነው፤ አንዴ የወጣ አድራሻ ኋላ ቢቀየርም ሌሎች ድረ ገጾች ገልብጠውት ይገኛል። ልጁም በአየር ላይ ትምህርት ቤቱን፣ ቤት ማን እንዳለና መቼ ለዕረፍት እንደምትሄዱ አይናገር። ስለ አንቴናውና ስለ አየሩ ጠባይ ያውራ፤ የሬዲዮ ሰዎች ከዚያ የሚጥም ወሬ የላቸውም። ተሳዳቢ ወይም ረባሽ ከመጣ ደግሞ መልስ አይሰጥ። ረባሽ የሚፈልገው መልስ ነው፤ ነባሮቹ ኦፕሬተሮችም እንዳልሰሙ ያልፉታል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ታዲያ ለልጅ ምን ይጠቅማል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአሜሪካና በካሪቢያን በኩል ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ በኤኮሊንክና በአይ.አር.ኤል.ፒ. አንድ ላይ የሚሠራ ቮይፕ ሃሪኬን ኔት የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መረብ ይከፈታል። ነፋሱ በሚያልፍበት ቦታ ያሉ አማተሮች ያዩትንና የለኩትን ይናገራሉ፤ መረጃው ማያሚ ላለው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ቀን ሌላው ባለሬዲዮ ሁሉ ዝም ይላል፤ ያዳምጣል እንጂ አይገባም። ልጁ ቁልፉን ሳይነካ አንድ ምሽት ሙሉ ቢያዳምጥ እንኳ ትልቅ ነገር ተምሯል።

ፈተናው አያስፈራም። የመጀመሪያው ደረጃ፣ ቴክኒሺያን የሚባለው፣ 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። የዕድሜ ገደብ የለውም፤ የሞርስ ኮድም ከ2007 ወዲህ አይጠየቅም። የመንግሥቱ ክፍያ 35 ዶላር ነው፤ ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። ወላጅም አብሮ ቢፈተን አይከፋም። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.፣ አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው። ሬዲዮ የሚወድ ወጣት ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ። አያቶችም ብትሆኑ ጥያቄ አያስከፍልም።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት፤ ልጁ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ሰዓት ግራ ስለሚያጋባ ነው። አማተሮች ማን ጋር መቼ እንደተገናኙ ሲመዘግቡ ዓለም አቀፉን አንድ ሰዓት፣ ዩ.ቲ.ሲ.ን፣ ይጠቀማሉ፤ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ደብተሩ ላይ 15:00 ተብሎ ከተጻፈ ሜሪላንድ ውስጥ በብርድ ወራት ከጠዋቱ 10፣ በሙቀት ወራት 11 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።